የብር ውሃና የአክስቴ ፊት

ይህን ታሪክ መጻፍ ይገባኝ እንደሆነ ደጋግሜ ራሴን ጠይቄአለሁ። ሰው አልሞተበትም፤ ቤት አልተቃጠለበትም። በእኛ አገር በእነዚህ ዓመታት ከዚህ የከፋ ያየ ሰው ሞልቷል። እኔ ደግሞ ገና የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ የሚያውቁ ሰዎች ባሉበት ለመናገር ሁለቴ የማስብ። የሆነው ነገር ቢጠቃለል የአንዲት ሴት የፊት ቀለም ተለወጠ ነው። ይኸው ነው። ግን ሴትዮዋ አክስቴ ናት፤ ቀለሙም አይመለስም። ባሰብኩት ቁጥር ደሜ ይፈላል፤ ከተናደድኩባቸው ሰዎች መካከል አንዷ ራሴ ስለሆንኩ ደግሞ ንዴቱን የማወርድበት ቦታ የለኝም። ስለዚህ እጽፈዋለሁ።

አክስቴ የእናቴ ታናሽ እህት ናት። እቴቴ እላታለሁ። ሰባት ዓመት አረብ አገር በሰው ቤት ሠርታ መስከረም ላይ መካነ ሰላም ገባች። እኔና እናቴ መናኸሪያ ሄደን ጠበቅናት። ከአውቶቡሱ ገና አንድ እግሯን ስታወርድ ተሸካሚዎችና የባጃጅ ሹፌሮች ከበቧት፤ አንዱ ሻንጣዋን፣ አንዱ እጇን ይስባል። እናቴ በክርኗ እየገፋች ገብታ አንገቷ ላይ ስትጠመጠም ነው ሌላው የተበተነው። ከዚያ የአጎቴ ልጆች ደረሱ፣ ጎረቤት ደረሰ፤ ከሩቅ ሆኖ ለሚያይ ሰው አክስቴ አትታይም ነበር፤ የሚታየው የከበባት ሰው ብቻ ነው። ይህን ያነሳሁት ኋላ ስለሚያስፈልገኝ ነው።

ከሻንጣዋ ጋር ይዛው የመጣችው ሌላ ነገር የጨጓራ ሕመም ነው። ከጤና ጣቢያ የተሰጣት ክኒን ስላቅለሸለሻት በግማሽ አቆመችው። ያን ጊዜ ነው ስለ ባለ ጋውኑ የሰማችው። ይህ ሰው ከገበያው በታች አንድ ክፍል ተከራይቶ፣ ነጭ ጋውን ለብሶ፣ በትናንሽ ሰማያዊ ጠርሙሶች ጠብታ የሚሸጥ ነበር። ከዚያ በፊት አረብ አገር ሹፌር ነበር ይባላል። ጠብታውን «የብር ውሃ» ይለዋል፤ ለጌጥ ከሚሆነው ብር የተሠራ ማለቱ ነው። ለጨጓራ፣ ለስኳር፣ ልጅ ላጣች፣ ለላም ዓይን ሳይቀር ይሰጠዋል።

«አንቺ ተማሪ፣» አለችኝ እቴቴ ጠርሙሱን እያገላበጠች፣ «ናኖ ማለት ምንድነው? ዓረብኛውን አነበብኩት፤ እሱም ናኖ ነው የሚለው።»

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወስጄ ምደባ የምጠብቅበት ጊዜ ነበር። የምወደው ትምህርት ኬሚስትሪ ነው፤ ሰው ሲጠይቀኝ ደግሞ ደስ ይለኛል። አንድ ሜትር ለሺህ፣ ያም ለሺህ፣ ያም እንደገና ለሺህ ሲካፈል ናኖ ሜትር እንደሚባል ነገርኳት። በዚህ አቁሜ ቢሆን ኖሮ! ማንም ያልጠየቀኝን ጨመርኩ፦ «ብር በዚህ ልክ ሲደቅ እኮ እቴቴ፣ የትም ይገባል።»

እሷ ይህን ለባለ ጋውኑ ነገረችው። በማግስቱ አስጠራኝ። «የኔ ምሁር፣ ያልሽውን እስቲ በዚህ ጻፊልኝ፤ የኔ ጽሑፍ አያምርም» ብሎ ትልቅ ነጭ ወረቀትና ቀይ ማርከር ሰጠኝ። «ናኖ ብር፦ የትም ይገባል» ብዬ ፊደሉን አሳምሬ ጻፍኩለት። ለስላሳ ከፈተልኝ፤ ጠጣሁ። ስወጣ ሰዎች ቆመው ሲያነቡት አይቼ ደስ ብሎኝ ነበር። ይህንንም መጻፍ አለብኝ።

በእኛ አገር መድኃኒት የወሰደ ሰው ከቤት አይወጣም። ኮሶ ይሁን ሌላ፣ የጠጣ ሰው ጓዳ ገብቶ ይተኛል፤ ፀሐይ አያገኘውም፣ መንገደኛ አያየውም። ጎረቤታችን እማማ ይህን ሥርዓት አጥብቀው የሚይዙ አሮጊት ናቸው፤ ለግማሹ ሰፈር ኮሶ መጥነው የሰጡት እሳቸው ናቸው። እቴቴ ጠብታውን መውሰድ እንደጀመረች ሲሰሙ መጡ።

«ከጓዳ እንዳትወጪ» አሏት። «መድኃኒት የጠጣ ሰው ፀሐይ አያገኘውም።»

«እማማ፣ ይሄ እኮ የድሮ ነው» አልኩ እኔ።

«የድሮ ነው? እኔስ የዘንድሮ ነኝ? ወላሂ ልጄ፣ ፀሐይ መድኃኒት ታበላሻለች።»

«ፀሐይ ቫይታሚን ዲ ነው የምትሰጠው፣ እማማ።»

«ዲ? ዲ ደግሞ ምንድናት?»

«ለአጥንት ነው።»

«ያረቢ! ሴትዮዋን ያመማት ጨጓራ፣ ይቺ የምታወራው አጥንት! ይቺን ነው ዩኒቨርሲቲ የሚወስዷት?»

ቤቱ በሙሉ ሳቀ። እናቴም ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። በማግስቱ ጠዋት በርጩማ አወጣሁና ፀሐይ በሚመታው ግድግዳ ሥር አስቀመጥኩ፤ እቴቴንም እጇን ይዤ አወጣኋት። ሰባት ዓመት ሙሉ በር በተዘጋበት ቤት ስትሠራ ስለኖረች አልተግደረደረችም። ሻሿን ወደኋላ ሸሸት አድርጋ ፊቷን ወደ ፀሐይ ቀና አደረገች፤ ዓይኗን ጨፍና «ኡፍ፣ ናፍቆኝ ነበር» አለች። የጥቅምት ፀሐይ ነበር፤ ዝናቡ ቆሞ ሰማዩ የጠራበት ጊዜ። እማማ ከአጥሩ ማዶ ቆመው አዩን፤ ራሳቸውን ነቅንቀው ገቡ። አሸነፍኩ ብዬ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እቴቴ ጠዋት ጠዋት ጠብታውን በውሃ ጠጥታ ፀሐይ ላይ ትቀመጥ ጀመር። ኅዳር ላይ እኔ ወደ ዩኒቨርሲቲ ሄድኩ። ስደውል መጀመሪያ የምጠይቃት «ፀሐይ እየሞቅሽ ነው?» ብዬ ነበር። «እንዳልሽው፣ አላቋረጥኩም» ትለኛለች።

የካቲት መጨረሻ ላይ ለእረፍት ስመለስ በሩን የከፈተችልኝ በጥቁር ሻሽ እስከ ዓይኗ ተሸፋፍና ነው። ቤት ውስጥ! ሻሹን ሳነሳባት ያየሁትን ቀለም ከዚያ በፊት በሰው ላይ አይቼው አላውቅም። ወረቀት ላይ የእርሳስ ጭረት በጣት ሲታሸት የሚሆነውን ይመስላል፤ ግራጫ፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ። ግንባሯ፣ ጉንጮቿ፣ አፍንጫዋ፣ የእጆቿ ጀርባ፣ የጥፍሮቿ ሥር ሁሉ። ስትስቅ ድዷም ያው ነው።

እናቴ በስልክ ያልነገረችኝ ለፈተናዬ ብላ ነው። ገበያ ስትወጣ ወንዶች «እመቤት፣ በድስት ጥቀርሻ ነው እንዴ የታጠብሽው?» ይሏታል። ልጆች «ሰማያዊቷ!» እያሉ ይከተሏታል። ከዚህ ሁሉ ያበሳጨኝ ግን የማኅበሩ ነገር ነው። ከእናቴ ጋር የጽዋ ማኅበር በሄደች ቀን ለሁሉም በአንድ ትሪ ሲቀርብ ለእሷ ለብቻዋ በሳህን ቀረበላት። «ይተላለፍ ይሆናል» ብለው ነው። ሳህኑን ያቀረበችላት ልጅ ሆና አብራት ያደገች ሴት ናት። ከዚያ በኋላ አክስቴ ከቤት መውጣት ተወች።

«እቴቴ፣ ይሄን ጠብታ አቁሚው» አልኳት።

«ለምን? እየወጣ እኮ ነው።»

«ምኑ ነው የሚወጣው?»

«በሽታው ነዋ! ኩፍኝ ሲወጣ አላየሽም? የሚገድለው ያልወጣው ነው። ሰውየውም እንደዚያ አለኝ። ጨርሶ እንዲወጣ እጥፍ አድርጊው አለኝ፤ እጥፍ አደረግኩት።»

ይህ በእኛ ዘንድ ሞኝነት አይደለም። ኩፍኝ የያዘው ልጅ ሰውነቱ ላይ ሽፍታ ሲወጣ እናት ደስ ይላታል፤ ወደ ውስጥ ከቀረ ነው የምታለቅሰው። እማማ ሳይቀሩ «እሱስ እውነት ነው» ብለዋታል። ባለ ጋውኑ የምናምነውን ነገር ያውቅ ነበር፤ በዚያው ነው የያዘን።

«ጨጓራሽስ ተሻለሽ?»

«ጨጓራዬማ ይወጋኛል» አለች። «ግን እየወጣ ነው።»

 ቀለሙ ከጠብታው መሆኑን ጠረጠርኩ እንጂ እንዴት እንደሆነ አላውቅም። ጤና ጣቢያ ወሰድኳት፤ የመረመራት ሰው «ምን ተቀብተሽ ነው?» ብሎ ቅባት አዘዘላት። እሷም ስንመለስ «አየሽ፣ እነሱም አያውቁትም» ብላ በዓይኔ ፊት ጠብታዋን ጠጣች።

ዩኒቨርሲቲ ስመለስ አንዱን መምህር ከክፍል ሲወጣ ጠብቄ ጠየቅኩት። ሰዓቱን አየ። «ይሄ ኮርሱ ውስጥ የለም፤ ፈተናሽ ላይ አተኩሪ» አለኝ። እኔም «እሺ መምህር፣ አመሰግናለሁ» አልኩት። ምኑን ነው ያመሰገንኩት? እስከ ዶርሜ ድረስ ራሴን ስሰድብ ሄድኩ።

ከዚያ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ኮምፒዩተሮቹ ባዶ ሲሆኑ፣ ቤተ መጻሕፍት እየገባሁ ማንበብ ጀመርኩ። እንግሊዝኛው ከበደኝ፤ አንዱን ገጽ ሦስቴ አራቴ አነበብኩት። የገባኝ ይህ ነው።

ደቃቅ የብር ቅንጣት ሆድ ሲገባ የጨጓራ አሲድ ከላዩ እያሟሟ አዮን፣ ማለት ኤሌክትሮን የጎደለው የብር አቶም፣ ያወጣበታል። ብር ደግሞ ድኝን ይወዳል። በአንገታችን የምናስረው የብር መስቀል በላብ እየጠቆረ የሚሄደው ድኝ እያገኘው ነው። ፕሮቲኖቻችን ውስጥ ድኝ አለ፤ የተለቀቀው ብር እነሱን ጨብጦ ከደም ጋር ይዞራል። ያልሟሟው ቅንጣትም ቢሆን ደም ውስጥ ራቁቱን አይሄድም። እንደገባ ፕሮቲኖች ይከቡታል። ቀድመው የሚደርሱት በብዛት ያሉት ናቸው፤ እነሱ ግን ያዝ የሚያደርጉት ላላ አድርገው ነው። ኋላ ቁጥራቸው ያነሰ፣ አጥብቀው የሚይዙት እየገፉ ይመጡና ቦታውን ይወስዳሉ። ይህን ሳነብ መናኸሪያው ትዝ አለኝ፦ መጀመሪያ ተሸካሚዎቹ፣ ከዚያ በክርኗ እየገፋች የመጣችው እናቴ። ሰውነታችንም እንደዚያ ከሩቅ እንደሚያይ ሰው ነው፤ የሚያየው ቅንጣቱን ሳይሆን የከበበውን ነው። ባዕዱን ነገር የራሱ ዘመዶች ከበውት ሲመጡ ያያል፤ ተቀብሎም ወደ ጉበት፣ ወደ ኩላሊት፣ ወደ ቆዳ ያደርሰዋል። «የትም ይገባል» ብዬ የጻፍኩት ውሸት አልነበረም። ገብቶ ምን ይሆናል የሚለውን ግን አላውቅም ነበር፤ አለማወቄንም አላወቅሁም።

ቀጥሎ ያለው አንቀጽ ነው የጨረሰኝ። ቆዳ ሥር የደረሰው ብር ብርሃን ሲያገኘው እንደ ድሮ የፎቶ ፊልም ይጠቁራል። ፕሮቲን ጨብጦ የመጣው አዮን ተመልሶ ድፍን ብር ይሆናል፤ ከድኝና ከመሰሎቹ ጋር ተጣብቆ እዚያው ይቀመጣል። በተለይ ፀሐይ በሚያገኘው ገላ ላይ።

በተለይ ፀሐይ በሚያገኘው ገላ ላይ። ወንበሩን ገፍቼ ተነሣሁ። እማማ ስለ ኩፍኙ ተሳስተው ይሆናል፤ ስለ ፀሐይዋ ግን ልክ ነበሩ። እኔ በሰው ፊት ስለተሳቀብኝ ብቻ፣ አሮጊቷን ለመርታት ብዬ፣ የአክስቴን ፊት ለፀሐይ ሰጠሁት።

በስልክ ስነግራት አልሰማችኝም። «አንቺ ደግሞ ትናንት ይገባል ትያለሽ፣ ዛሬ አቁሚ ትያለሽ» ብላ ዘጋችው። ስለዚህ ለፋሲካ ገባሁ። ሻንጣዬን ሳላወርድ ጓዳዋ ሄድኩ።

«እቴቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በሽታሽ የት ነው?»

«ጨጓራዬ ላይ ነዋ። ምን አዲስ ነገር አለ?»

«በሽታው እየወጣ ከሆነ ከየት መጀመር ነበረበት?»

እጇን ሆዷ ላይ አደረገች።

«ሆድሽን እስቲ እዪው።»

«ጅል ነሽ እንዴ አንቺ ልጅ?»

«እዪው ብቻ።»

እናቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር። እቴቴ እየሳቀችብኝ ቀሚሷን ገለጥ አደረገች። ሆዷ የጠይም ገላዋ ቀለም ነው፤ እንደነበረ። ሳቋን አቆመች። የሰዓቷን ማሰሪያ ፈታች፤ ከሥሩ ያለው ገላ ቀለበት የሚመስል ጠይም መስመር ሆኖ ቀርቷል። እጅጌዋን ሰበሰበች፤ ከክርኗ በላይ ጠይም፣ ከክርኗ በታች ግራጫ። ማንም ሳይነግራት እያንዳንዱን ቦታ እየገለጠች አየችው፤ ቸኩላ፣ የጠፋባት ነገር እንዳለ ሰው።

«የተሸፈነው ሁሉ ደህና ነው» አለች በመጨረሻ። «እና… ፀሐይዋ ናት?»

«ብሩ ነው። ፀሐይ ሲያገኘው ነው የሚጠቁረው።»

«ፀሐይ ላይ ያወጣኝ ማን ነው?»

እናቴ «በቃ፣ ተዪያት» አለች።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ቀና ብላ አየችኝ። «ዲ፣ ዲ ስትዪ ነበር» አለችኝ፤ ድምፅዋን እንኳ ከፍ አላደረገችም። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። ያን ቀን፣ ማግስቱንም፣ የፋሲካን ዕለትም ሳይቀር አላናገረችኝም። ዶሮው ሲቀርብ ድርሻዬን በእናቴ እጅ ላከችልኝ። ጠብታውን ግን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አልነካችውም።

በዓሉ ባለፈ በመጀመሪያው የገበያ ቀን ፊቷን ታጥባ፣ ጸጉሯን ተሠርታ፣ ያለ ሻሽ ጓዳዋ በር ላይ ቆመች። በርጩማ ይዛለች።

«ትመጫለሽ ወይስ ታፍሪያለሽ?» አለችኝ።

ተከተልኳት። መንገዱ ላይ ሰው ሁሉ ዞሮ አያት፤ እሷ አንገቷን አላቀረቀረችም። ባለ ጋውኑ በር አጠገብ፣ ጥላው ባለበት በኩል፣ በርጩማዋን አስቀምጣ ተቀመጠች።

ሰውየው ብቅ አለ። «እህቴ፣ ምን ሆንሽ? ወደ ውስጥ ግቢ እንጂ።»

«አይ፣ እዚሁ ይሻለኛል። የሠራኸውን ሰው ይየው ብዬ ነው።»

«እየተሻለሽ እኮ ነው!»

«እሱን ለሚጠይቀኝ ሁሉ እነግርልሃለሁ።»

ከማሻ መንገድ፣ ከገጠር የመጣች፣ ሕፃን ያዘለች ሴት ልትገዛ ስትገባ እቴቴን አይታ ደነገጠች። «ምን ሆነሽ ነው፣ እታለም?»

«ይሄን ጠጥቼ ነው።»

«ይሄንኑ?»

«ይሄንኑ። ለማን ነው የምትገዢው?»

ሴትዮዋ እጇን ወደኋላ ልካ የሕፃኑን እግር ያዘች፤ ሳትገዛ ተመለሰች።

ሰውየው መጮህ ጀመረ። «ከልክ በላይ ወስዳ ነው! እኔ ምን ላድርግ?»

«እጥፍ አድርጊ ያልከኝ ማን ነው? የጎረቤቴ ድመት?»

የተሰበሰበው ሰው ሳቀ። ያኔ ነው እኔ ክፍሉ ውስጥ ገብቼ የጻፍኩትን ወረቀት ከግድግዳው የቀደድኩት።  ባለ ጋውኑ ጣቱን ቀስሮብኝ፣ «እሷን ጠይቋት! ራሷ ናት የትም ይገባል ብላ የጻፈችው፣ የዩኒቨርሲቲዋ!» አለ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ሰው ጠልቼ አላውቅም፤ እውነቱን ስለተናገረ ደግሞ የባሰ ጠላሁት። «አዎ፣ እኔ ነኝ የጻፍኩት» አልኩ። «ሳላውቅ ነው የጻፍኩት። አትጠጡት።» ከዚህ የተሻለ ንግግር ባደርግ ደስ ይለኝ ነበር፤ የወጣልኝ ይኸው ብቻ ነው።

ትምህርቴ ስለነበረ ተመለስኩ። እቴቴ ግን ቀጠለች። በየገበያው ቀን በርጩማዋን ይዛ ትሄዳለች፤ ሳትሰድብ፣ ሳትለምን ትቀመጣለች። በሦስተኛው ጊዜ እማማም የራሳቸውን በርጩማ ይዘው አጠገቧ ተቀመጡ። በመሀል እናቴ ደሴ ወስዳ ሐኪም አሳየቻት፤ ሐኪሙ ለጨጓራዋ በትክክል የምትወስደውን መድኃኒት አዘዘላት፤ ስለ ቀለሙ ግን «አይለቅም» አላት። ለመስማት የጓጓሁት ሌላ ነበር። እሷ ይህን በስልክ የነገረችኝ እንደ ገበያ ዋጋ ወሬ ነው።

ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደወለች።

«ሄደ» አለችኝ።

«ማን?»

«ሰውዬሽ ነዋ፣ ባለ ጋውኑ። ሁለት የገበያ ቀን አንድ ጠርሙስ አልሸጠም። ዛሬ ካርቶኖቹን አይሱዙ ላይ ጭኖ በወረኢሉ መንገድ ሄደ።»

«እዚያ ሄዶ ቢከፍትስ?»

«እሱን አስቤዋለሁ» አለች። «ወረኢሉ የአባቴ ዘመዶች አሉ። ፎቶዬን ልኬላቸዋለሁ።»

ፎቶ! ፊቷን ከእናቴ እንኳ ትደብቅ የነበረችው እቴቴ።  ይቅርታ ልላት አፌን ከፈትኩ፤ ቀደመችኝ።

«ስሚ፣ ፀሐይ ላይ ያስቀመጥሽኝን አልረሳሁትም። የምረሳውም አይመስለኝም። ግን ትምህርትሽን ጨርሰሽ ተማሪ፤ ሌላ ሰው ደግሞ እንዳታስቀምጪ።»

«እሺ፣ እቴቴ።»

«እሺ ለሁሉም ነው የምትዪው። ለመምህሩም እሺ እንዳልሽው ነግረሽኛል።»

«እሺ አልልም» አልኩ፤ ስልኩ ውስጥ ስትስቅ ሰማኋት። ከፋሲካ ወዲህ ለእኔ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነው። ሰኔ ዘጠኝ ቀን ነበር።